የሰሚያ ዓይን፣ የሀረግ ጆሮ

ሀረገወይን ቤይሩት ከገባች አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። በእነዚህ ዓመታት ስድስት ማዳሞች፣ ሁለት አሮጊቶችና አንዲት በቀቀን አስተዳድራለች። አረብኛ ያስተማረችኝ በቀቀኗ ናት ትላለች። ወፊቱ በረንዳ ላይ ተቀምጣ የሰማችውን ስትደግም፣ ሀረግም ልብስ እያሰጣች ከወፊቱ ኋላ ትደግም ነበር። ቀልድ ይመስለኝ ነበር። ቀልድ እንዳልሆነ ያወቅኩት ቆይቼ ነው።

እኔ ሳምሪ እባላለሁ። ከሀረግ ጋር መዝረዓ በሚባል የቤይሩት ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይተን መኖር ከጀመርን አራት ዓመት ሆነን። ሁለታችንም በሰዓት እየሄድን የሰው ቤት እናጸዳለን። ስለ እሷ የምጽፈው ቅድስት ስለሆነች አይደለም። ታንኮራፋለች፣ ሻምፑዬን ሳትጠይቅ ትጨርሳለች፣ አንዴ አፏ ላይ የመጣውን ነገር ደግሞ ብትሞት አትመልሰውም። የምጽፈው ያንን የመጨረሻውን ጠባይዋን አንድ ጊዜ ስትተወው ስላየሁ ነው።

እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ሀረግ አረብኛ ታስተምራለች። የምንኖርበት ሕንፃ ዘበኛ፣ ናጡር የሚሉት፣ ሚስቱ ስትወልድ ሀረግ ስለረዳቻት ምድር ቤት ያለችውን የዕቃ ክፍል ለቀቀላት። አሥራ ሁለት የላስቲክ ወንበር፣ አንድ ጥቁር ሰሌዳና እኔ የማፈላው ሻይ አለ። የሚመጡት ከቤተ ክርስቲያን የተመለሱ የአዲስ አበባና የጎንደር ልጆች፣ ከወሎና ከጅማ የመጡ ሙስሊሞችም ናቸው። ሀረግ ሰሌዳው ላይ አረብኛውን በአማርኛ ፊደል ትጽፋለች፤ ሁሉም በደብተሩ እንደዚያው ይገለብጣል። ለምን በአረብኛ ፊደል አትጽፊም ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ለእኛ ሲቀልለን ብላ ነው ብለን አሰብን።

ትምህርቱ ሁልጊዜ የሚጀምረው በ"እኔ" እና በ"አንቺ" ነው። አዲስ ልጅ በመጣች ቁጥር ሀረግ ፊት ለፊቷ ታስቀምጣትና ሥራዋን በአረብኛ እንድትናገር ትጠይቃታለች።

"አና ናድፊ፣ አና ጢብኺ፣ አና ሩሂ ሱቅ" ትላለች ልጅቷ፣ ኮራ ብላ።

"ማዳምሽ እንድታጸጂ ስትፈልግ ምን ትልሻለች?"

"ናድፊ።"

"ምን ማለት ነው?"

"አጽጂ።"

"እንግዲህ አሁን ያልሽውን በአማርኛ በይልኝ።"

ልጅቷ ታስብና፣ "እኔ አጽጂ፣ እኔ አብስዪ፣ እኔ ሂጂ ሱቅ" ትላለች። ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። ሀረግ ግን አትስቅም።

"አትሳቁ፤ ሁላችሁም እንደዚሁ ነበራችሁ" ትላለች። "ቋንቋውን የሰማነው ከትእዛዝ ነው። የሚያዋራን ሁሉ የሚያዘን ስለሆነ፣ ስለራሳችን ስንናገርም ራሳችንን እናዛለን። ከዛሬ ጀምሮ አና ብናደፍ፣ እኔ አጸዳለሁ ነው የምትዪው። አና ካልሽ በኋላ ማንም አያዝሽም። ያላ፣ ድገሚው።"

ወንዶችን ሁሉ "ኢንቲ" ብሎ መጥራትም የእኛ የቤት ሠራተኞች በሽታ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የምንሰማው ኢንቲን ብቻ ስለሆነ ባለ ጺሙን ባለሱቅ ሳይቀር አንቺ እንለዋለን። ለዚህም ሀረግ መድኃኒት አላት። ለወንድ ኢንታ፣ ለሴት ኢንቲ፣ ለብዙ ኢንቱ እያለች በጣቷ አንድ በአንድ ትጠቁመናለች። ቤቴ፣ ቤትህ፣ ቤትሽ ስንል "ኤ" እና "ህ" እና "ሽ" ቃሉ ጫፍ ላይ እንደሚለጠፉ፣ በአረብኛም ቤቲ፣ ቤታክ፣ ቤቲክ ይባላል። ቤት ያው ቤት ነው። ይኼን ስትነግረን ከወንድማችን ጋር የተገናኘን ያህል ደስ ይለናል።

አንድ እሁድ መቅደላዊት የምትባለው ልጅ እጇን አወጣች። መቅዲ የሽሮ ሜዳ ልጅ ናት፤ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ማዳም ሪማ የምትባል ሴትዮ ቤት ተቀጥራ እዚያው ታድራለች።

"እትዬ ሀረግ፣ የማዳሜ እናት ሰማንያ ዓመታቸው ነው። እንዴት ብዬ ነው ኢንቲ የምላቸው? አፌ አልታዘዝ አለኝ።"

"ሐድርቲክ በያቸው፤ ማክበር ነው። ግን ኢንቲ ብትያቸውም አይቀየሙም። እነሱ ጋ ሰው ሁሉ አንቺ ነው። እኛ ጋ ነው እንጂ አንቺ ለመባባል መቀራረብ የሚያስፈልገው።"

መቅዲ ይህችን ደብተሯ ላይ ጻፈቻት። ሁሉንም ነገር የምትጽፍ ልጅ ናት። ፋሲካ የምትባል ልጅ አላት፤ ትታት ስትመጣ አራት ዓመቷ ነበር፣ አሁን ስምንት ሞላት። የመቅዲ ውል ነሐሴ ላይ ያልቃል። መስከረም ሲጠባ ልጄን በእጄ ይዤ ትምህርት ቤት አስገባታለሁ ብላ ለሁላችንም ተናግራ ነበር። ማዳሟ ስልኳን የምትሰጣት እሁድ ከስድስት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ ከዚያ ተቀብላ መሳቢያ ውስጥ ትቆልፍበታለች። ከአምስቱ ሰዓት ሁለቱን ከእኛ ጋር፣ የቀረውን ከልጇ ጋር ስልክ ላይ ታሳልፈዋለች።

አሁን ስለ ሰሚያ ልናገር። ሰሚያ የከሚሴ ልጅ ናት፤ ቡርጅ ኤል ባራጅነህ የሚባል ሰፈር ውስጥ ከአክስቷ ልጅ ጋር ትኖራለች፣ ምካሌስ በሚባል ሌላ ሰፈር ልብስ ማጠቢያ ቤት ትሠራለች። ልጅ ሆና ቁርኣን ቀርታ አኽትማለች፤ እስከ መጨረሻው አንብባ ጨርሳለች ማለት ነው። ስለዚህ የአረብኛ ፊደል እንደ ውኃ ትጠጣዋለች፤ የምታነበው ግን ምን ማለት እንደሆነ አታውቅም፣ ሰፈር ውስጥ ሲያወሯትም አትሰማም። ሀረግ "ኢንቱ" ለሁሉም ነው ብላ ያስተማረች ቀን ሰሚያ በትሕትና እጇን አወጣችና፣ "እትዬ፣ ለሁለት ሰው አንቱማ፣ ለብዙ ሴቶች አንቱነ የሚባልም አለ" አለች።

ሀረግ ፊቷ ተለዋወጠ። "እንግዲያው ሂጂና አትክልት ሻጩን አንቱነ በዪው። ሳቁን ሲጨርስ ተመልሰሽ ንገሪን።"

"መጽሐፍ ላይ አለ። ልጻፍልሽ?" ብላ ሰሚያ ጠመኔውን አነሳች።

"ጠመኔውን አስቀምጪ። እዚህ ክፍል ውስጥ አስተማሪ አንድ ነው።"

ሰሚያ ጠመኔውን አስቀመጠች፣ ቦርሳዋን አነሳች፣ ወጣች። ሦስት ወር ሙሉ አልተመለሰችም። ያን ቀን ሀረግን የተናደድኩባትን ያህል ተናድጄባት አላውቅም፤ ምክንያቱም ከክፍሉ ሁሉ እኔ ብቻ ነበርኩ ለምን እንደደነገጠች የማውቀው። ሀረግ አረብኛ ማንበብ አትችልም። አንዲት ፊደል አትለይም። ይህን ያወቅኩት አብረን መኖር በጀመርንበት ዓመት፣ ታምሜ የመድኃኒት ካርቶን አንብቢልኝ ብዬ ሰጥቻት ገልብጣ ስትይዘው ነው። እሷም ማየቴን አየች። ሁለታችንም ምንም ሳንተነፍስ ቀረን።

ነሐሴ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው፣ መቅዲ ከትምህርት በኋላ ሌሎቹ ሲወጡ ወደ ኋላ ቀረች። ስልኳን አውጥታ ፎቶ አሳየችን፤ ማኅተም የሌለው፣ በኮምፒዩተር የተጻፈ አንድ ገጽ አረብኛ።

"ማዳሜ ጠረጴዛ ላይ ትታው አነሳሁት። ነገ ጠዋት በሦስት ሰዓት ካቲብ አድል ጋ ሄደን ትፈርሚያለሽ አለችኝ። ስለ ሰፈርሽ ነው አለችኝ። እትዬ፣ እስቲ አንብቢልኝ።" ሰፈር ያለችው የእኛን ሰፈር አይደለም፤ በአረብኛ ጉዞ ማለት ነው። ካቲብ አድል ደግሞ የእኛ ውልና ማስረጃ ማለት ነው።

ሀረግ ስልኩን ተቀበለች። ጣቷን ከቀኝ ወደ ግራ በመስመሮቹ ላይ አስኬደች፤ ሰው ሲያነብ እንደዚያ እንደሚያደርግ አይታለች። ከንፈሯንም አንቀሳቀሰች። እኔ የሻይ ብርጭቆ እያጠብኩ ነበር፤ የያዝኩትን አስቀምጬ ዞርኩ።

"የመሄጃሽ ወረቀት ነው" አለች። "ያው የተለመደው ነው። ፈርሚ።"

መቅዲ ጉልበቷን ልትስም ጎንበስ አለች። ሀረግ አላስሳመቻትም፤ ቀና አደረገቻትና ፎቶውን ወደ ራሷ ስልክ እንድትልክላት ነገረቻት። ለምን እንደዚያ እንዳለቻት እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም። መቅዲ ልካላት፣ ልጇ ጋ ልትደውል እየሮጠች ወጣች።

በሩ ሲዘጋ አልቻልኩም። "ምን ብለሽ ነው የነገርሻት?" አልኳት።

"ማዳሟ ነግራታለች አይደል እንዴ! ስለ ጉዞ ነው ብላታለች።"

"አንቺ አንብበሽ ነው የነገርሻት? ልጅቷ አንብቢልኝ ነው ያለችሽ።"

"አፍሽን ዝጊ ሳምሪ።"

"አልዘጋም! ካርቶኑን ገልብጠሽ የያዝሽ ቀን ዝም አልኩ፤ መድኃኒቱ የኔ ነበር። ይኼ ግን የልጅቷ ነው። ሌላ ነገር ቢሆንስ?"

ሀረግ ወጥታ በሩን ወርውራ ዘጋችው። ወንበሮቹን ደርድሬ፣ ሰሌዳውን ጠርጌ ወደ ላይ ስወጣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ይዛ አገኘኋት። ፎቶውን በጣቷ እያሰፋች ታየዋለች። እያለቀሰች ነበር። ሀረግ ስታለቅስ ያየሁት ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

"አሥራ ሰባት ዓመት" አለችኝ። "ደውዬላት ነበር። ተዘግቷል።" ሰዓቱን አየሁ፤ አሥራ አንድ ካለፈ አሥር ደቂቃ ሆኖታል። ስልኩ መሳቢያ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው።

"ሰሚያ ጋ እንሂድ" አልኳት።

"ሰሚያ ፊቴን አታይም።"

"አይታው ከጠላች ያን ጊዜ እንመለሳለን። ተነሺ።"

ኮላ ከሚባለው መናኸሪያ በቫን ሄድን። ቡርጅ ኤል ባራጅነህ ስንደርስ ገና ፀሐይ ነበረች፤ መንገዱ በሞተር ሳይክል ተጨናንቋል፤ ከላያችን አውሮፕላን እየወረደ ማንም ቀና ብሎ አያይም። ሰሚያ አራተኛ ፎቅ ላይ በሩን ከፍታ ሀረግን ስታይ ግቡ አላለችም።

ሀረግ በሩ ላይ እንደቆመች ነው የተናገረችው። "ሰሚያዬ፣ ጠመኔውን ያስቀመጥሽ ቀን አንቺ ልክ ነበርሽ። አንቱነ መኖሩን አላውቅም ነበር። ፊደሉንም አላውቀውም። አንድም አላውቅም። ያኔ ያዋረድኩሽ እንዳይታወቅብኝ ነው። ዛሬ ደግሞ በዚሁ ጦስ መቅዲን ዋሽቻታለሁ፤ ነገ ጠዋት ትፈርማለች። ለኔ ብለሽ አይደለም፤ ለልጅቷ ብለሽ አንብቢልኝ።"

ሰሚያ ስልኩን ተቀብላ ረጅም ጊዜ አየችው። "እትዬ፣ ይኼ የድምፅ ምልክት የለውም" አለች። "ቁርኣን ላይ ፈትሓው፣ ኪስራው፣ ሁሉም ተደርጎለት ነው ያለው። ይኼ ራቁቱን ነው። እንዴት እንደሚባል አላውቅም። ባነበውም ትርጉሙን አላውቅ።"

"አንቺ የምታውቂውን ድምፅ ስጪኝ። የቀረውን ለእኔ ተዪው።"

ምንጣፉ ላይ ጉልበት ለጉልበት ተቀመጡ። ሰሚያ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ትጠራለች፤ ሀረግ ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች። አንዷ የምታየውን አትሰማም፣ አንዷ የምትሰማውን አታይም። 

"ት… ጅ… ድ… ይ… ድ" ትላለች ሰሚያ። "ቱጀዲድ? ተጀዲድ?"

"ተጅዲድ! መታደስ ነው። መኖሪያ ፈቃድ ሲታደስ የሚሉት። ቀጥዪ።"

"ዓ… ቅ… ድ።"

"ዓቅድ። ውል። ውል ማደስ!" ሀረግ ዓይኗን ገለጠች። "ቀጥዪ፣ ቀጥዪ።"

"ስ… ን… ት… ይ… ን።"

"ሰንተይን" አለች ሀረግ ቀስ ብላ። "ሁለት ዓመት።"

ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አስቸገረ። "ላ አርግብ" ይሁን "ላ አርገብ" ሰሚያ አላወቀችም፤ ሀረግም ከማዳሞቿ አፍ ሰምታው አታውቅም። ደጋግማ አለችው፤ ተነስታ መስኮቱ ጋ ቆመች፤ ከዚያ በድንገት ዞረች። ከሁለቱ አሮጊቶች አንዷን ታስታምም በነበረበት ዓመት፣ በጥሩ አረብኛ የተተረጎመ የሜክሲኮ ተከታታይ ፊልም በየቀኑ አብራት ታይ ነበር። ፊልሙ ላይ ልጅቷ አባቷን "ላ አርገቡ ቢዘዋጅ" ትለዋለች፤ ማግባት አልፈልግም። "አልፈልግም ነው!" አለች ሀረግ። "ከኋላው ምን ይላል?"

"ቢ… ሰፈር" አለች ሰሚያ። ይህችን እኔም ገባችኝ።

ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ እኔ ከታች የፈረምኩት መቅደላዊት፣ በሙሉ ፈቃዴ ውሌ ለሁለት ዓመት እንዲታደስ ተስማምቻለሁ፤ ሁለቱ ዓመት ሳያልቅም መጓዝ አልፈልግም። ማዳም ሪማ ስለ ጉዞ ነው ስትል አልዋሸችም ማለት ነው። ሀረግን ያበገናት ግን ሌላ ነበር። "ሁሉም አና ነው" አለች። "አና ተስማማሁ፣ ፈቃዴ፣ ውሌ። ሦስት ዓመት ሙሉ አና በይ ብዬ ያስተማርኳት ለዚህ ነው? እሷ ሳትል የተጻፈላት አና!"

"ነገ ምካሌስ ሥራ እገባለሁ፤ አብሬያችሁ ልመጣ አልችልም" አለች ሰሚያ። "ቀሪ ከሆንኩ ያባርሩኛል።"

"አትምጪ። ግን አንዴ ከላይ እስከ ታች ሳታቋርጪ አንብቢልኝ።"

ሰሚያ አነበበች። ሀረግ እንደገና አለቻት። ሰባት ጊዜ አነበበችላት። ስንወጣ ሰሚያ ሻይ እንኳ ሳትጠጡ ብላ ተቆጣችን፤ ይቅርታዋ ይኸው ነው ብዬ ወሰድኩት።

ሰኞ ጠዋት ሁለታችንም ከሥራ ቀረን። ሀረግ ሰርቪስ ታክሲው ውስጥ መንገዱን በሙሉ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ሹፌሩ በመስታወት አይቷት "ትጸልያለች?" ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። የካቲብ አድሉ ቢሮ ምካሌስ ውስጥ፣ የማዳም ሪማ ባል የሚሠራበት የፕላስቲክ ፋብሪካ ፊት ለፊት፣ ከፋርማሲ በላይ ነው፤ መቅዲ ያን ሁሉ እሁድ ዕለት በደስታዋ ብዛት ነግራን ነበር። ስንገባ መቅዲ ጠረጴዛው ፊት ቆማ እስክሪብቶ ይዛለች። ማዳም ሪማ ከጎኗ ተቀምጣ ስልኳን ትነካካለች። ካቲብ አድሉ መነጽር ያደረገ ወፍራም ሰውዬ ነው።

"ፈህሜ?" አላት መቅዲን፤ ገብቶሻል ወይ ማለቱ ነው።

"ኤ" አለች መቅዲ፤ አዎ ማለቷ ነው። ልትፈርምም ጎንበስ አለች።

"ላህዛ፣ ኡስታዝ!" አለች ሀረግ ከበሩ፤ አንዴ ይቆዩ ማለቷ ነው። ሁሉም ዞሩ።

"ሚን ሀይ?" አለች ማዳም ሪማ። ማናት ይቺ?

"ሀይ ምዓልምቲ" አለች መቅዲ። አስተማሪዬ ናት። ፊቷ በራ፤ ልትሸኛት የመጣች መስሏታል።

ሀረግ ወደ ማዳም ሪማ አልዞረችም። መቅዲን በአማርኛ፣ ድምጿን ሳትቀንስ እንዲህ አለቻት፦ "መቅዲዬ፣ እኔ አረብኛ ማንበብ አልችልም። ትናንት ያነበብኩልሽ ውሸቴን ነው። ወረቀቱ የመሄጃሽ አይደለም፤ ሁለት ዓመት የሚጨምርብሽ ነው። ይቅር በይኝ።"

መቅዲ እስክሪብቶውን ይዛ ሀረግን ታያታለች። እኔ ያን ጊዜ መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

ካቲብ አድሉ ምን እንዳለቻት ጠየቀ። ሀረግ በአረብኛ ነገረችው።

"ማንበብ ትችያለሽ?" አላት።

"ላ፣ ኡስታዝ። ማ ባዕረፍ።" አልችልም አለችው።

"ማንበብ የማትችይ ከሆነ እዚህ ላይ የተጻፈውን በምን አወቅሽው?" አላት። ማዳም ሪማ ሳቀች። "ዓፍሪት ነው የነገራት?" አለች፤ ጋኔን ማለቷ ነው።

ሀረግ ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ጀመረች። "አነል ሙወቂዓ አድናህ…" ከላይ ጀምራ፣ ቀኑን፣ የፓስፖርት ቁጥሩን፣ የአሠሪዋን ስም ከነአባቷ፣ ሁሉንም በዚያ በመጽሐፍ አረብኛ፣ በሰሚያ የቁርኣን ዜማ ጭምር ለቀቀችው። ካቲብ አድሉ መጀመሪያ ፈገግ ብሎ ነበር፤ ኋላ ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበና በጣቱ እየተከተለ ይሰማት ጀመር። ጸሐፊዋ መተየብ አቆመች። "ወላ አርገቡ ቢሰፈር" ላይ ስትደርስ ጣቱ እዚያ መስመር ላይ ቆመ። ሀረግ እስከ መጨረሻዋ ነጥብ ሄዳ ዝም አለች። አንዲት ቃል አልጎደለችም። በሕይወቴ በሰው እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም።

ካቲብ አድሉ መነጽሩን አወለቀ። ማዳም ሪማ ልትናገር ስትል እጁን አንስቶ አስቆማት። "እዚህ ወረቀት ላይ አና የምትለው እሷ ናት" አለ ወደ መቅዲ እየጠቆመ። "ከእሷ አፍ እስማለሁ። ምንድን ነው የምትፈልጊው?"

መቅዲ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። "አና ማ በዲ" አለች። "በዲ ሩህ ዓ ቤቲ። ዓንድ ቢንቲ።" አልፈልግም፤ ቤቴ፣ ልጄ ጋ መሄድ ነው የምፈልገው። ከዚያ ወደ ማዳም ሪማ ዞራ ያንኑ ደገመችላት።

ማዳም ሪማ ደረጃው ላይ ሀረግን ያላለቻት ነገር የለም፤ አልጽፈውም። መቅዲን እንደ ያዘቻት መኪና ውስጥ አስገባቻት። ከዚያ በኋላ እሁድ መውጣት ተከለከለች፣ ስልኳም ከመሳቢያ አልወጣም። ግን ውሉ አልታደሰም፤ ነሐሴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ቲኬት ተቆረጠላት። ሄደች። ሳንሰናበታት፣ ሀረግን ይቅር ብላት እንደሆነ ሳናውቅ ሄደች።

ሀረግ ካቲብ አድል ጋ በሄድንበት ሳምንት እሁድ ማንበብ እንደማትችል ለክፍሉ በሙሉ ነገረች። ተቀምጣ ሳይሆን ቆማ ነው የነገረችው። አንዲቷ ሳቀች፤ አንዲት ሌላ ደግሞ፣ የቤቷን ወረቀት ሁሉ ለሀረግ ስታስነብብ የኖረች፣ ደብተሯን ይዛ ወጣች፤ እስከ ዛሬም አልተመለሰችም። አልፈርድባትም። ያን ቀን የተመለሰችው ሰሚያ ከኋላ ወንበር ተነሳችና፣ መጥታ ጠመኔውን አነሳች። ሀረግ ቦታውን ለቃ ፊት ለፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። አሁን የመጀመሪያውን ሰዓት ሰሚያ ፊደል ታስተምራለች፣ ሁለተኛውን ሀረግ አፍ ታስተምራለች። ሀረግ በፊደል ከክፍሉ የመጨረሻዋ ሰነፍ ናት፤ እኔ እንኳ እበልጣታለሁ።

ከመቅዲ የመጀመሪያው የድምፅ መልእክት የመጣው መስከረም አምስት ቀን ነው። ደኅና ገብቻለሁ አለች፤ ለሀረግ ሰላምታ አቀረበች፤ ከዚያ፣ "እትዬ ሀረግ፣ ፋሲካ እርስዎ ትለኛለች" አለች። "እንግዳ ስለሆንኩባት። ይቀመጡ፣ ይብሉ ትለኛለች። እማዬ ጨዋ አድርጋ ነው ያሳደገችልኝ።" እዚያ ላይ ተቋረጠ። ሀረግ ስልኩን አስቀምጣ ውኃ ልትጠጣ ሄደች፤ ቧንቧው ለረጅም ጊዜ ሲፈስ ሰማሁት። ሁለት ዓመት ተጨምሮበት ቢሆን ኖሮ ምን ትላት ነበር ብዬ አሰብኩ።

ባለፈው እሁድ ሰሚያ ሰሌዳው ላይ ስትጽፍ የሀረግ ስልክ ጮኸ። የመቅዲ የድምፅ መልእክት ነው። ሀረግ ክፍሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው። መቅዲ ኩሽና ውስጥ ተደብቃ ነው መሰል በሹክሹክታ ነው የምታወራው፤ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አይለይም።

"እትዬ ሀረግ፣ የፋሲካን ላጲስ ስጠርግ ጣልኩባት። አሁን ተናዳ ምን አለችኝ መሰለሽ? 'አንቺ ነሽ የጣልሽብኝ! አንቺ ነሽ!' አለችኝ።"

ሀረግ መልእክቱን ሦስት ጊዜ አሰማችን። ከዚያ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ እርሳሷን አነሳችና፣ ሰሚያን ቀጥዪ አለቻት።